ዳኝነት መክፈያ ያጣ ባለጉዳይ

በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ ገንዘቡን የተበላ ሰው ፍርድ ቤት ሲሄድ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የዳኝነት ገንዘብ ከፍለሃል ወይ የሚል ነው። ክፍያው የሚሰላው ክስ በቀረበበት ገንዘብ መጠን ስለሆነ ብዙ የተወሰደበት ሰው ብዙ ይከፍላል።

ለማይችል ሰው መውጫው ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ አለ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ገንዘብ ቀድሞ ሳይከፍሉ መክሰስን ይፈቅዳል። አመልካቹ ያለውን ንብረት ከነግምቱ ዘርዝሮ በቃለ መሐላ ያረጋግጣል። ተከሳሹም ተጠርቶ «ይህ ሰው ደሃ አይደለም» ብሎ መከራከር ይችላል። ስለዚህ ያበደረውን ሊያስመልስ የመጣ ሰው ስለ ብድሩ አንድ ቃል ሳይናገር ስለ አልጋው፣ ስለ ቴሌቪዥኑና ስለ ሚስቱ ገቢ ይጠየቃል። ቢፈቀድለትም ክፍያው አልተሰረዘም፤ ከተሸነፈ እሱ፣ ካሸነፈ ተከሳሹ ይጠየቅበታል።

ከባዱ ነገር ድህነትን ማስረዳቱ ነው። አቤቱታ ጸሐፊ በነፃ አይጽፍም። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን የማይችል ሰው የትርጉም ወጪ ይጨመርበታል። ለቀን ሠራተኛ ደግሞ ደሃ መሆኑን ለምትመሰክር አንዲት የወረዳ ደብዳቤ ቢሮ ለቢሮ ሲል የዋለበት ቀን ደሞዝ የሌለው ቀን ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች ሦስት ጋር ተጣምረው ሸገር ከተማ ሆኑ። በዚያው ዓመት በከተማዋ በርካታ ቤቶች ፈረሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ድርጊቱን የተቸ ሪፖርት አወጣ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ነዋሪ ነህ የሚለው ወረዳ ከሌለው ደሃ ነው ብሎ የሚጽፍለትስ ማን ነው?

ሕጉ ያለ ማጣራት ነፃ ማድረግን የማያውቅ አይደለም። በሰበታ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው አሠሪውን በሥራ ጉዳይ ሲከስ የዳኝነት አይከፍልም፤ ደሃ መሆንህን አስረዳ የሚለውም የለም። ሠራተኛ መሆኑ ይበቃል።

በዕዳ ለተያዘ ሰው ግን ነገሩ ይብሳል። የ1952ቱም ሆነ የ2013ቱ የንግድ ሕግ መክሰርን የደነገጉት ለነጋዴና ለንግድ ማኅበራት ነው። አራጣ የተበደረ የቀን ሠራተኛ ዕዳውን በሕግ የሚያራግፍበት በር የለውም።

በሩ ባለበት አገርም ክፍያው ሲያከራክር ኖሯል። በአሜሪካ ሮበርት ክራስ የተባለ ሥራ አጥ አባወራ የኪሳራ ማመልከቻ ማስገቢያውን 50 ዶላር መክፈል አልቻለም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደበት፤ ብዙሃኑ ዳኞች በየሳምንቱ የሚደርስበት ክፍያ ከአንድ ፊልም መግቢያ ያንሳል ብለው አሰሉ። ለራት የሚቸገር ሰው ሲኒማ እንደማይገባ ሊያስቡ ይገባ ነበር። ኮንግረሱ ክፍያው እንዲቀር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ገቢው ከድህነት መስመሩ አንድ ተኩል እጥፍ በታች ለሆነ ሰው ዳኛው ሊተውለት ይችላል። እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 አነስተኛ ገቢ ያላቸው ባለዕዳዎች ከዕዳ ለመገላገል ሲያመለክቱ የሚከፍሉትን 90 ፓውንድ ማስረጃ ሳይጠይቁ ለሁሉም አንሥተዋል።

በሸገርም ቢያንስ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች የወረዳ ደብዳቤ ሳይጠየቁ የደሃ ደንቡ ሊፈቀድላቸው ይገባል። ቤቱ መፍረሱን ያፈረሰው አስተዳደር ራሱ ያውቀዋል፤ ባለጉዳዩ ካሸነፈም የዳኝነቱ ገንዘብ የሚጠየቀው ከተሸናፊው ነው።