ዋሽንግተንን የከፈላት ወንዙ አይደለም

የዋሽንግተን ዲሲን ካርታ ለሚያይ ሰው ከተማዋን ተፈጥሮ ራሷ ለሁለት የከፈለቻት ይመስለዋል። በምዕራብ ከሮክ ክሪክ ጫካ ማዶ ያሉት ሰፈሮች ነዋሪያቸው በአብዛኛው ነጭና ሀብታም ነው። በምሥራቅ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ደግሞ ነዋሪው በአብዛኛው ጥቁር ነው፤ ገቢውም ዝቅተኛ። እዚያ ሁሉ ነገር የሚገኝበት ሱፐርማርኬት በጣት የሚቆጠር ሲሆን፣ አዲስ ሆስፒታል የተከፈተው ገና በ2025 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ሰዉን የለያዩት ጫካውና ወንዙ ሳይሆኑ የተፈረሙ ወረቀቶች ናቸው፦ የቤት ሽያጭ ውል፣ የብድር መመሪያ፣ የመልሶ ግንባታ ዕቅድ።

ውል፣ ብድርና ፍርድ ቤት

ፍራንሲስ ኒውላንድስ በ1890 ያቋቋመው ኩባንያ ከሮክ ክሪክ ምዕራብ ያለውን የቼቪ ቼዝ ሰፈር ሲገነባ፣ ከተወሰነ ዋጋ በታች የሆነ ቤት እንዳይሠራ ወሰነ። በዘር የሚከለክል ቃል ባይኖርበትም፣ ዋጋው ብቻውን አብዛኛውን ጥቁር ያስቀር ነበር። ኒውላንድስ ኋላ ሴናተር ሲሆን የጥቁሮች የመምረጥ መብት እንዲነሣ በይፋ የጠየቀ ሰው ነው።

ሌሎች ሰፈሮች ክልከላውን በግልጽ ጻፉት። በኤስ ስትሪት የሚኖሩ ነጮች በ1921 ቤታቸውን ለጥቁር ላለመሸጥ ተፈራረሙ። ከፈራሚዎቹ አንዷ ለጥቁር ሴት ልትሸጥ ስትስማማ ጎረቤቷ ከሰሳት፤ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1926 ክልከላው እንደጸና ቀረ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤት ብድር ዋስትና መሥሪያ ቤትም በመመሪያው እንዲህ ያለውን ውል ያበረታታ ነበር። ውል ያለበት ሰፈር ብድር በቀላሉ ያገኝ ነበር፤ ጥቁሮች የገቡበት ግን «አስጊ» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ውሉን በፍርድ ቤት ማስፈጸም የተከለከለው በ1948 ነው። ከዚያ ውሳኔ ጋር አብረው ከተወሰኑት ክሶች አንዱ ከዚሁ ከተማ፣ ከብራያንት ስትሪት የተነሣ ሲሆን፣ ለጥቁሮቹ ቤት ገዢዎች የተሟገተው ጠበቃ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነበር። በሽያጭና በኪራይ በዘር መለየት ራሱ ሕገወጥ የሆነው ግን በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ በተፈረመው ሕግ ነው።

ከወንዙ ማዶ

አናኮስቲያ ዛሬ የጥቁሮች ሰፈር ተብሎ ይታወቃል እንጂ ጥንቱ እንዲህ አልነበረም። ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1877 እዚያ ቤት ሲገዛ አካባቢው ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል ደንብ የነበረበት ነው። እስከ 1950ዎቹም ብዙ ነጮች ይኖሩበት ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በ1954 ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት ሲከለከል ነጮች ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ መውጣታቸውን አፋጠኑ። ሁለተኛ፣ በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈቀደው የመልሶ ግንባታ ዕቅድ በደቡብ ምዕራብ ዲሲ የነበረው የድሆች ሰፈር ፈርሶ 23,000 ገደማ ሰው ተነሣ። ከተነሡት ብዙዎቹ የሄዱት ከወንዙ ማዶ፣ የመንግሥት ቤቶችና ርካሽ አፓርታማዎች ወደሚሠሩበት ነው።

ሕጉ ከተለወጠ በኋላም ልዩነቱ የቀጠለው ቤት የሚወረስ ሀብት ስለሆነ ነው። በ1940ዎቹ በብድር ቤት የገዛ ሰው ዋጋው ሲጨምር ልጁን አስተምሮበታል፤ የልጅ ልጁም ለቅድመ ክፍያ ተጠቅሞበታል። የተከለከለው ሰው ልጆች ይህ መነሻ የላቸውም። ኧርባን ኢንስቲትዩት በ2016 ባወጣው ጥናት በዋሽንግተንና አካባቢዋ የነጭ ቤተሰብ መካከለኛ የተጣራ ሀብት 284,000 ዶላር፣ የጥቁር ቤተሰብ ደግሞ 3,500 ዶላር ሆኖ ተገኝቷል።

ኪራዩ ሲወደድ

በ1970 ከከተማዋ ነዋሪ 71 በመቶው ጥቁር ነበር፤ በ2020 ወደ 41 በመቶ ወርዷል። የእኛ ሰዎች ታሪክም እዚህ ላይ ይገባል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጡ ኢትዮጵያውያን በአዳምስ ሞርጋን፣ ቀጥሎም ኪንግ ሲገደል በተነሣው የ1968ቱ ሁከት በተጎዳው የዩ ስትሪት አካባቢ በርካሽ ተከራይተው ምግብ ቤትና ሱቅ ከፈቱ። በ2005 ገደማ እዚያው ያለው ዘጠነኛው መንገድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ ከነባር ጥቁር ነዋሪዎች «የኛ ታሪክ የት ሊገባ ነው?» የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ይከራከሩ የነበሩት ሁለቱም ወገኖች በኪራይ ውድነት እየተገፉ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩት ከከተማዋ ውጭ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ነው።

የከተማዋ አስተዳደር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከ1980 ጀምሮ ባለንብረት የሚያከራየውን ሕንፃ ሲሸጥ የመግዛት ቅድሚያውን ለተከራዮች የሚሰጥ ሕግ አለው። በ2019 ደግሞ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በ2025 ተመጣጣኝ ዋጋ ያላቸው 12,000 ቤቶች እንዲጨመሩ ግብ አስቀመጡ፤ ከሮክ ክሪክ ምዕራብ ያለው ሀብታም አካባቢ ድርሻም 1,990 ሆነ። ከዕቅዱ እጅግ ወደ ኋላ የቀረው ግን ይኸው አካባቢ ነው። መሬቱ ውድ ነው፤ ከፍ ያለ ሕንፃ እንዳይሠራ የሚከለክል ደንብ አለ፤ ነዋሪዎችም ስለ ትራፊክ፣ ስለ ትምህርት ቤት መጨናነቅና ስለ ሰፈሩ መልክ ይከራከራሉ።

ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ዘርን ምክንያት አያደርጉም፤ ምናልባትም ከልባቸው ነው። ቼቪ ቼዝ ሲጀመርም የተጻፈው ዋጋ እንጂ ዘር አልነበረም። ስለዚህ የሮክ ክሪክን ምዕራብ ለመለካት ነዋሪው ስለ እኩልነት የሚናገረውን መስማት አይበቃም፤ ደንቡ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚኖር ሰው የሚከራየው ቤት እዚያ እንዲሠራ ይፈቅዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።