የኳንተም ኮምፒዩተር ስሕተትና እርማቱ

የንግድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በሒሳብ መዝገብ ላይ አንዲት ዜሮ ብትጎድል ትርፉ ኪሳራ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ቀድሞ ዋጋ በቴሌግራም ሲላክ ቍጥሩ ተደግሞ ይጻፍ ነበር፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ስሕተት መግባቱ ይታወቃልና። ለተራው ኮምፒዩተርም አሜሪካዊው ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 እ.ኤ.አ. ስሕተትን ፈልጎ የሚያርም የቍጥር ሥርዐት አውጥቶለታል።

ኳንተም ኮምፒዩተር የተባለው አዲስ መሣሪያ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፥ ሒሳቡን የሚይዙት ኪውቢቶች እጅግ ስሶች ስለ ሆኑ ጥቂት ሙቀት እንኳ ያበላሻቸዋል። ሁለተኛ፥ ያልታወቀን ኪውቢት መገልበጥ በተፈጥሮ ሕግ አይቻልም፤ ውስጡን ለማየት ሲለኩትም ይለወጣል።

መፍትሔውን በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳየው ፒተር ሾር ነው። እርሱም የአንዱን ኪውቢት ይዞታ በዘጠኝ ኪውቢቶች ላይ አካፍሎ የሚያኖር ዘዴ አወጣ። ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ፥ እኩል መሆን የሚገባቸው ሦስት የታሸጉ የቡና ጆንያዎች አሉ እንበል። ሳንከፍታቸው ሁለት ሁለቱን በሚዛን ግራና ቀኝ ብናስቀምጥ፥ የክብደታቸውን ልክ ሳናውቅ ከሌሎቹ የተለየውን እናገኘዋለን። መሣሪያውም እንዲሁ ኪውቢቶቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ብቻ ይጠይቃል፤ ከመልሱም የተሳሳተውን ለይቶ ያርማል፤ ምስጢሩ ግን አይነካም።

ሆኖም ዘበኛው ራሱ የማይታመን ከሆነ፥ ዘበኛ ማብዛት ጥፋትን ማብዛት ነው። የኪውቢቶቹ ስሕተት ከተወሰነ ልክ በታች ካልወረደ በቀር ቍጥራቸውን መጨመር አይጠቅምም። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ጉግል ኩባንያ 105 ኪውቢቶች ባሉት ዊሎው በተባለው መሣሪያው፥ ጥበቃው ከ3 በ3 ወደ 5 በ5፥ ከዚያም ወደ 7 በ7 ሲሰፋ ስሕተቱ በየደረጃው ከግማሽ በታች እንደ ወረደ አስታወቀ።

ይህ ነጋዴውን የሚመለከተው ስለ ምን ነው? ሾር በ1994 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፥ ስሕተቱን የሚያርም ትልቅ ኳንተም ኮምፒዩተር ቢሠራ የባንክ መልእክቶችን ከሚሰውሩት ቍልፎች ብዙዎቹን ሊፈታ ይችላል። ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች ለዚህ አይበቁም። ነገር ግን ዛሬ ተጠልፎ የተቀመጠ ደብዳቤ ወደ ፊት ሊነበብ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ይህን የሚቋቋሙ ሦስት አዳዲስ ደንቦችን ያወጣው ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ለብዙ ዓመት ተሰውሮ መቆየት የሚገባው ውል ያለው ነጋዴ፥ ባንኩንና የኮምፒዩተር ሥራ አቅራቢውን ወደ አዲሱ ቍልፍ መቼ እንደሚሸጋገሩ ከአሁኑ ቢጠይቅ ይበጀዋል።