ፓይራይት፦ የማዕድን መሪ፣ የወንዝ ጠንቅ

ከመቱ ተነሥተን ወደ ጎሬ ስንጓዝ የምንረግጠው ቀይ አፈር በአብዛኛው የባዛልት ልጅ ነው። ባዛልቱ በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ሲሆን ከሥሩ እጅግ የቆየ አለት አለ። የገባና የብርብር ወንዞች ተገናኝተው ባሮን በሚፈጥሩበት አካባቢ ሸለቆዎቹ ይህን ጥንታዊ አለት ገልጠውታል። አለቱ ከቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ከሚገኙት ጥንታዊ አለቶች ጋር ይዛመዳል።

ዝምድናው ያለ ምክንያት አልተነሣም። በትግራይ ተራኪምቲ፣ በኤርትራም ቢሻ በተባሉ ሥፍራዎች በእነዚሁ አለቶች ውስጥ መዳብ፣ ዚንክና ወርቅ የያዘ ግዙፍ የሰልፋይድ ክምችት ተገኝቷል። ቢሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ማምረት ጀምሯል። ኢሉባቦር ተመሳሳይ ክምችት አላት ማለታችን አይደለም፤ ሆኖም የአካባቢው ተማሪ ምልክቱን ቢያውቅ ይጠቀማል።

እንዲህ ያለ ክምችት የሚወለደው ከባሕር ወለል ነው። ውኃ በስንጥቅ ሰርጎ በቀለጠ አለት ይሞቅና ብረትን፣ መዳብንና ዚንክን አሟሙቶ ይወጣል። ቀዝቃዛውን ባሕር ሲነካ ብረታ ብረቶቹ ከድኝ ጋር ተዋሕደው ይዘቅጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመራማሪዎች በምሥራቅ ፓስፊክ ወለል 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅ፣ ጥቁር ጢስ የሚመስል ውኃ ሲፈልቅ በዓይናቸው አይተዋል።

ማዕድናቱ የሚቀመጡት በሥርዓት ነው። ይበልጥ በሞቀው እምብርት መዳብ የያዘው ካልኮፓይራይት ይበዛል፤ ወደ ዳር ስንወጣ የዚንኩ ስፋሌራይትና የእርሳሱ ጋሌና ይከተላሉ። በሁሉም ዘንድ የማይጠፋው የብረትና የድኝ ውሕድ የሆነው ፓይራይት ነው። ወርቅ ቢመስልም በመዶሻ ሲመታ ይሰባበራል፤ ወርቅ ግን ይጠፈጠፋል። ባልተለበጠ ነጭ ሸክላ ላይ ሲፋቅም ፓይራይት አረንጓዴ የቀላቀለ ጥቁር መስመር ይተዋል፤ የወርቅ መስመር ግን ቢጫ ነው።

ፓይራይት ገጸ ምድር ላይ ሲደርስ ዝገት የመሰለ ቆብ ይሠራል። ፈላጊዎች ይህን ቆብ አይተው ወደ ታች ይቆፍራሉ። ነገር ግን ተቆፍሮ የተጣለው ፓይራይት ከአየርና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱም መዳብና ሌሎች ብረታ ብረቶችን አሟሙቶ ወደ ወንዝ ይወስዳል። የሶር ወንዝ ወደ ገባ፣ ገባም ወደ ባሮ ይፈስሳል፤ ከላይ የተበከለ ውኃ የታችኛውን ነዋሪና የቡና ደን ሁሉ ይነካል።

ስለዚህ ማዕድን ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጥያቄ አብሮ ይጠየቅ፦ ምን ያህል መዳብ አለ? ምን ያህልስ ፓይራይት? የመጀመሪያውን ብቻ የሚመልስ ጥናት ሥራውን በግማሽ የተወ ነው።