ቆላ የሚችል የፒንግ ፖንግ ራኬት

የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት የሦስት ነገሮች ድምር ነው፤ የእንጨት፣ የስፖንጅና የጎማ። በእንጨቱ ላይ ስፖንጅ ይለጠፋል፣ በስፖንጁ ላይ ደግሞ ኳሱን የሚነካው ስስ ጎማ ይቀመጣል። ገዢ ሱቅ ገብቶ የሚያየው ቀዩንና ጥቁሩን ፊት ስለሆነ ዕቃውን የሚመዝነው በዚያው ነው። ዋናው ዕቃ ግን የተሸፈነው እንጨት ነው። ጎማ እንደ ጫማ ሶል ያልቃል፣ ተነሥቶም በሌላ ይተካል፤ ጥሩ እንጨት ግን በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ጎማ ያስረጃል።

ይህ ልዩነት በሸዋ ሮቢት ከሌላው ቦታ ይልቅ ይጎላል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የጣርማ በርና የደብረ ሲና ቁልቁለት ካለቀ በኋላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ በጀውሃና በሰንበቴ በኩል እስከ አጣዬ የሚዘልቀው የይፋት ቆላ ለማሽላና ለማሾ ይመቻል እንጂ ለጎማ አይመችም። ሙቀት፣ ፀሐይና አቧራ በአንድነት የሚያገኙት ራኬት ደጋ ላይ ከሚኖረው ወንድሙ ቀድሞ ያረጃል። ስለዚህ ለቆላ የሚገዛ ራኬት “ምን ያህል ይፈጥናል?” ተብሎ ብቻ አይጠየቅም፤ “ጎማው ሲሞት ምን ይተርፋል?” መባልም አለበት።

ስለ ራኬት የወጣው ዓለም አቀፍ ሕግ ከሚገመተው በላይ ልል ነው። መጠን፣ ቅርጽና ክብደት አይወስንም። የሚጠይቀው እንጨቱ ጠፍጣፋና የማይተጣጠፍ እንዲሆን፣ ከውፍረቱም ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት እንዲሆን ነው። ጠበቅ የሚለው ወደ ጎማው ሲመጣ ነው። ስፖንጅ ያለው ጎማ ማጣበቂያው ጭምር ተቆጥሮ ከ4 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። አንደኛው ፊት ጥቁር፣ ሌላኛው ደማቅ ቀለም ይሆናል፤ ለብዙ ዓመታት ያ ደማቅ ቀለም ቀይ ብቻ ነበር፣ ከእ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ወዲህ ግን ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ሮዝም ተፈቅደዋል። የሁለቱ ቀለም ነገር ለጌጥ የመጣ አይደለም። አንዳንድ ተጫዋቾች በሁለቱ ፊት የተለያየ ጠባይ ያለው ጎማ ለጥፈው፣ ቀለሙን ግን አንድ አድርገው፣ በጨዋታ መሐል ራኬቱን እያገላበጡ ተጋጣሚን ያታልሉ ስለነበር ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባስተናገደችው የአፍሪካ ሻምፒዮና ላይ የተሰለፈ ራኬት ሁሉ በዚሁ ሕግ ሥር ያለፈ ነው።

ስፖንጅ ራሱ የቆየ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ቦምቤይ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ ወፍራም ስፖንጅ የተለጠፈበት ራኬት ይዞ ቀረበ። እስከዚያ ድረስ ተጫዋቾች ኳሱ ከራኬት ጋር ሲጋጭ ቋ የሚለውን ድምፅ ሰምተው ጉልበቱን ይገምቱ ነበር፤ የሳቶ ራኬት ድምፅ አልነበረውም። ሻምፒዮን ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። የጎማውና የስፖንጁ ውፍረት በሕግ የተገደበው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

እንጨቱ አንድ ወጥ ጣውላ አይደለም። ብዙውን ጊዜ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ስስ ንጣፎች እየተደራረቡ በኮላ የተጣበቁበት ነው፤ የአንዱ ጭረት ቁመቱን ሲከተል የሌላው ወርዱን ስለሚከተል በቀላሉ አይጣመምም። ለዚህ ሥራ በብዛት ከሚፈለጉት ዛፎች መካከል አዩስና ሊምባ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዛፎች ናቸው። ከአህጉሩ ግንድ ሆነው ወጥተው፣ ቻይና፣ ጃፓን ወይም ስዊድን ውስጥ ራኬት ሆነው፣ በውድ ዋጋ ተመልሰው ይመጣሉ። በንጣፎቹ መካከል የካርቦን ክር የሚገባባቸውም አሉ፤ ኳስን ያፈጥናሉ፣ ግን የእጅን ስሕተትም አብረው ያፈጥናሉ። ኳስ ጠረጴዛ ላይ ማቆየት ገና ለሚማር ሰው ካርቦን ያለው ራኬት መግዛት ገንዘብ ከማባከን አይተናነስም። አምስት ንጣፍ ያለው፣ ሙሉ በሙሉ እንጨት የሆነ፣ ጎማው ተለጥፎበት ከ160 እስከ 190 ግራም የሚመዝን ራኬት ለአብዛኛው ሰው ይበቃዋል።

በየሰፈሩ ከኮምፔንሳቶ ተቆርጦ የሚሠራው ራኬትስ? ለመዝናናት ያገለግላል። ነገር ግን ኮምፔንሳቶ ለቁም ሣጥን ጀርባ የታሰበ ስለሆነ ይከብዳል፣ ንዝረቱም ደንዛዛ ነው። ጎማ ያልለበሰ እንጨት ኳሱን ይገፋዋል እንጂ አያሽከረክረውም፤ በውድድር ደግሞ ኳስ የሚመታው ፊት ጎማ የለበሰ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። በእንዲህ ያለ ራኬት የለመደ ልጅ ክንዱ ጠንካራ ሆኖ ያድጋል፣ ስፒን (የኳስ ሽክርክሪት) ሲመጣበት ግን መላው ይጠፋዋል።

ጎማ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥርሶቹ ወደ ውጭ የወጡ ሲሆን ሌላው ጥርሶቹ ወደ ስፖንጁ ተገልብጠው ለስላሳ ፊቱ ኳሱን የሚነካ ነው። ለጀማሪ የሚመከረው ሁለተኛው፣ ስፖንጁም ከ1.5 እስከ 1.8 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ስፖንጁ በወፈረ ቁጥር ኳሱ ውስጥ ገብቶ ይወረወራል፣ መቆጣጠሩም ያስቸግራል። ከለስላሳዎቹም ውስጥ ብዙዎቹ የቻይና ጎማዎች ፊታቸው ሙጫ እንደተቀባ ይይዛል፤ ኳሱን ለማሽከርከር ተወዳዳሪ የላቸውም። ቤት ውስጥ በተወለወለ ወለል ላይ ለሚጫወት ሰው ይህ ጸጋ ነው። ሮቢት ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር በተዘረጋ ጠረጴዛ ለሚጫወት ግን ያ ሙጫ በሁለት ጨዋታ ውስጥ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ይቀመጣል። ለቆላው የሚሻለው ፊቱ የማይጣበቅ፣ ግን ኳስን በመጠኑ የሚይዝ ጎማ ነው።

ሱቅ ውስጥ ምርመራው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። መጀመሪያ ራኬቱን ከማሸጊያው ማውጣት ነው፤ ባለሱቁ “ፕላስቲኩ አይቀደድም” ካለ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል። ራኬቱ እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይን ቀርቦ በጠርዙ በኩል ሲታይ ከእጀታው እስከ አፉ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ጥቂት የጎበጠ ከሆነ ነገ ይብስበታል፣ አይቃናም። ቀጥሎ ኳስ ወደ ተለያየ ቦታ እየተጣለ ይደመጣል፦ መሐሉ ላይ የጠራ ድምፅ ሰጥቶ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ድምፁ ድፍን ካለ፣ ወይም አንዱ ቦታ ላይ ኳሱ ሞቶ ከቀረ፣ እዚያ ጋ ንጣፉ ወይም ጎማው ተላቋል። አውራ ጣት ጎማውን ጫን አድርጎ ሲለቅ ስንጥቅ የማይታይበት፣ ጉድጓዱም ወዲያው የሚሞላ መሆን ይኖርበታል። ከዚያ ኳሱን በመዳፍ ጎማው ላይ ጫን ብሎ ማሽከርከር ነው፤ ጎማው ኳሱን ይዞ የሚጎተት ከሆነ በሕይወት አለ፣ ኳሱ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ግን አዲስ ቢሆንም እንኳ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ነው። እጀታውን አጥብቆ ይዞ መወዝወዝም አይከፋም፤ በርካሾቹ ላይ እጀታው በሁለት ስስ ቁራጭ ስለሚለጠፍ ላብ ሲነካው ይወልቃል።

ማሸጊያው ላይ የሚታተሙት ኮከቦችና የፍጥነት ቁጥሮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ባለ አምስት ኮከብ ማለት ያ ፋብሪካ ከራሱ ራኬቶች መካከል ከፍ ያለ ደረጃ የሰጠው ማለት ነው እንጂ ፋብሪካዎች ሁሉ የተስማሙበት መለኪያ አይደለም። የአንዱ ባለ ሦስት ኮከብ ከሌላው ባለ አምስት ሊበልጥ ይችላል። ከኮከቡ ይልቅ ጎማው ሥር፣ ከእጀታው አጠገብ፣ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ምልክት መኖር አለመኖሩን ማየት ይጠቅማል፤ እርሱም በሐሰት ሊታተም ስለሚችል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

የእጀታው ቅርጽ የምቾት ጉዳይ ነው። ጫፉ ሰፋ ያለው ከላብ እጅ አያመልጥም፣ ቀጥ ያለው አያያዝን እየቀያየሩ ለሚጫወቱ ይመቻል። ቫርኒሽ የተቀባ እጀታ በሙቀት ይንሸራተታል፤ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ መፋቅ መፍትሔ ነው።

ከተገዛ በኋላ ትልቁ ጠላት ሥራ ፈቶ የተቀመጠበት ሰዓት ነው። ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት ላይ ወይም በቆመ ባጃጅ ውስጥ የተረሳ ራኬት ጎማው ይደርቃል፣ ይነጣል፣ ጠርዙም መነሣት ይጀምራል። ከጨዋታ በኋላ በረጠበ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ፊቱን በንጹሕ ላስቲክ ሸፍኖ ቤት ውስጥ ጥላ ባለበት ማስቀመጥ ዕድሜውን ያራዝማል። ቤንዚንና አልኮል ጎማን ይጎዳሉ። ጎማ ሲቀየር የጫማ ሠሪ ማስቲሽ የሚመርጡ አሉ፤ ይይዛል፣ ግን ከመጠን በላይ ይይዛል፣ በሚቀጥለው ቅያሪ የእንጨቱን ፊት ልጦ ይነሣል። ተን ያላቸው ማጣበቂያዎች ለጤና ስለሚጎዱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በውድድር ታግደዋል፤ በውሃ የተሠራው የጎማ ማጣበቂያ ለእንጨቱም ለሰውም ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ራኬትን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል። ደብረ ብርሃን ከሸዋ ሮቢት በ1,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩም ከአሥር በመቶ በላይ ይሳሳል። ኳስ 2.7 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ይህን ልዩነት ይሰማዋል፦ ደጋ ላይ አየሩ ስለማይይዘው ይርቃል፣ ስፒን የተሰጠው ኳስም እንደ ቆላው አይታጠፍም። ሮቢት ላይ ጠረጴዛው ጫፍ ያርፍ የነበረ ምት እዚያ ሲያልፍ ተጫዋቹ ጎማውን ይጠረጥራል። ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ተሟሙቆ፣ ምቱን አሳጥሮ ሳይሞክረው ራኬት የሚቀይር ሰው አዲሱም ያንኑ ያደርግበታል።