በጀት የማይሰጥ ዞን

ከሰሜን ሸዋ ዞን መቀመጫ ከደብረ ብርሃን ወደ አማራ ክልል መቀመጫ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ባለጉዳይ እዚያው ክልሉ ውስጥ ወዳለ ከተማ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከክልሉ ይወጣል። 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ ኦሮሚያን አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ ተመልሶ አማራ ክልል ይደርሳል። ዞን የሚባለው እርከን ሰሜን ሸዋ ላይ እጅግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ምስጋናውን ግን አላገኘም።

አሠላለፉ ቀላል ነው፦ ክልሉ ቢሮ፣ ዞኑ መምሪያ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አለው።

ዞኑ የሚታማው በማያዝበት ገንዘብ ነው። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቢያፈስ «ዞኑ በጀት ከለከለን» ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ ጥቅል በጀት በቀመር ተሰልቶ ከክልሉ ለወረዳው ይመደባል፤ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል ብሎ የሚያጸድቀውም የወረዳው ምክር ቤት ነው። ሰሜን ሸዋ ዞን ይህን የሚያጸድቅ ምክር ቤት እንኳን የለውም። በክልሉ በዚህ እርከን ምክር ቤት ያላቸው የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች ናቸው። ስለዚህ የአንኮበር ወረዳ ሰው በወረዳው መቀመጫ ጎረቤላ ላይ መጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ይዞ ደብረ ብርሃን ድረስ ሲመጣ ለትራንስፖርት ያወጣው ገንዘብ ባከነ ማለት ነው። ይህን እያወቁ ባለጉዳዩን «ዞን ሂድ» ብለው የሚሸኙት ሠራተኞችም ከወቀሳ አያመልጡም።

ታዲያ ዞኑ ምን ይሠራል? ያገናኛል። ወረዳው ለክልል ቢሮ የሚጽፈው ደብዳቤ ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ተብሎ ለመምሪያው ይላካል፤ ጎረቤት ወረዳዎች ያንኑ ችግር ለየብቻቸው ሲጽፉ አንድ መሆኑ የሚታወቀው እዚያ ነው። የሱፐርቪዥን ቡድኑ ቼክሊስቱን ይዞ ይወርዳል፣ ግብረ መልስ ይጽፋል። በተፋሰስ ሥራ ጊዜ ይህ ጥቅሙ ይታያል፤ ከአንኮበር ገደል ወደ አዋሽ የሚወርደው ጎርፍ የወረዳ ድንበር አያውቅም፣ ላይኛው ወረዳ እርከን ካልሠራ የታችኛው ማሳ ይታጠባል።

የሚገርመው መምሪያዎቹ ያሉባት ደብረ ብርሃን ራሷ ዛሬ በዞኑ ሥር አይደለችም። ሪጂዮፖሊታን ከተማ ከሆነች ወዲህ ተጠሪነቷ በቀጥታ ለክልሉ ነው። የአንኮበር ነጋዴ እህሉን የሚያወርድበትን ገበያ የሚያስተዳድረው የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ለዞኑ አይታዘዝም። ዞኑ ስለ ነጋዴው ጉዳይ ሊያደርግ የሚችለው ለጎረቤቱ ደብዳቤ ጽፎ ትብብር መጠየቅ ነው።