«ኪትፊ ቢዪውጋዕኒ»፦ ካይሮ ውስጥ ትከሻዎን ሲያምዎ ለሐኪም ምን ይላሉ?

እጅዎን ወደ ላይ ሲያነሱ የሚንቀሳቀሰው ክንድዎ ብቻ አይደለም። በጀርባዎ በኩል አንድ ጠፍጣፋ አጥንት ይዞራል፤ ከአንገትዎ ሥርም ሌላ ቀጭን አጥንት አብሮ ይነሳል።

ካይሮና ጊዛ ውስጥ በሰው ቤት ሥራ፣ በጽዳት ወይም ዕቃ በመሸከም የሚተዳደሩ ወገኖቻችን በዚህ ትከሻ ነው የሚያድሩት። ምንጣፍ ያወርዳሉ፣ መስኮት ይወለውላሉ፣ መጋረጃ ይሰቅላሉ። ሲያማቸው ግን ብዙዎች ሥራ እንዳይቀር ብለው ይችሉታል፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱም የሚናገሩት አንድ ቃል ብቻ ይሆናል፤ «ትከሻዬን»። ይህ ጽሑፍ ትከሻ እንዴት እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚንቀሳቀስና ሕመሙን በግብጽ ዓረብኛ እንዴት እንደሚያስረዱ ይነግርዎታል።

በአንድ ቦታ ብቻ የተጋጠመ

ጣትዎን ከአንገትዎ በታች፣ ደረትዎ መሃል ላይ ያሳርፉና ወደ ጎን ይውሰዱት። እስከ ትከሻ ጫፍ የሚሄደው ቀጭን አጥንት የአንገት ሥር አጥንት ነው። ዓረቦች «ተርቁዋ» ይሉታል።

ሁለተኛው በጀርባ በኩል ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ነው። በዓረብኛ «ለውሕ አል-ከቲፍ» ይባላል፤ «የትከሻ ሰሌዳ» ማለት ነው። ወረቀት ባልተስፋፋበት ዘመን ዓረቦች በግመል የትከሻ አጥንት ላይ ይጽፉ ነበርና ለአጥንቱ ሰሌዳነት አዲስ አይደለም።

እጅ ከተቀረው አካል ጋር አጥንት ለአጥንት የሚገናኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአንገት ሥር አጥንት ከደረት አጥንት ጋር በሚጋጠምበት። ሰሌዳው ከጎድን አጥንቶች ጋር አልተጋጠመም። በጡንቻ ታቅፎ በላያቸው ይንሸራተታል። በሰሌዳው ላይ 17 ጡንቻዎች ይያያዛሉ።

ቅርጫ ላይ የቆመ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል። የበሬ ወርች ከገላው ሲለይ መጥረቢያ አያስፈልግም፤ ቢላ ይበቃል። በሬ የአንገት ሥር አጥንት ስለሌለው የፊት እግሩን ከገላው ጋር የያዘው ጡንቻ ብቻ ነው። ሰው ግን ክንዱን ከደረቱ አርቆ የሚይዝለት ይህ ቀጭን ምሰሶ አለው። እጃችንን በሰፊው ወደ ጎንና ወደ ላይ መዘርጋት የቻልነው በእርሱ ነው። ስንወድቅ ቶሎ ከሚሰበሩ አጥንቶች አንዱ መሆኑም ከዚሁ ሥራው ይመጣል፤ ትከሻችን ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ ደረት የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው።

120 እና 60

ክንድዎን በጎን በኩል አንስተው ከራስዎ በላይ ሲያደርሱት 180 ዲግሪ ገደማ ይጓዛል። ከዚህ ውስጥ 120 ያህሉ የክንድ አጥንት ራስ ሰሌዳው ላይ ካለው ጎድጓዳ ጋር ከሚገናኝበት መጋጠሚያ ይመጣል። የቀረው 60 ያህሉ የሚገኘው ሰሌዳው ራሱ ሲዞር ነው።

ያ ጎድጓዳ በጣም ጥልቀት የሌለው ነው፤ ሎሚ በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ሎሚው እንዳይንከባለል አራት ጡንቻዎች ከነጅማታቸው ዙሪያውን አቅፈው ይይዙታል። ትከሻ ከሌሎች መጋጠሚያዎች ሁሉ የበለጠ የሚዞረውም፣ ከሌሎች ይልቅ የሚወልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰሌዳው በደንብ ካልዞረ ደግሞ እነዚያ ጅማቶች በክንዱ ራስና ከላይ ባለው የአጥንት ጣሪያ መካከል ሊጨመቁ ይችላሉ። እጅን ከራስ በላይ አድርጎ ለሰዓታት መወልወል የሚያሳምመው አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ሰሌዳው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በተጨማሪም ወደ ላይና ወደ ታች ይዞራል። የመጀመሪያዎቹን አራት እንቅስቃሴዎች ለማየት የሕክምና መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ እስክስታ ይበቃል። ጎንደሬው ወይም ጎጃሜው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እስክስታ ሲወርድ ክንዱ አይነሳም። የሚንቀሳቀሰው ሰሌዳውና የአንገት ሥር አጥንቱ ነው። የሌላ አገር ሰው እንዴት እንደሚሆን ግራ የሚገባው እጅ ሳይነሳ ትከሻ ብቻውን ሲጫወት ስለሚያይ ነው።

አጥንት የተመረመረባት ከተማ

የሰው አጥንት እውቀት በካይሮ የቆየ ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1200 ጀምሮ ግብጽን ከባድ ረሃብ ሲመታ ባግዳድ የተወለደው ሐኪም አብዱልለጢፍ አል-ባግዳዲ በአገሪቱ ነበር። አል-መቅስ በተባለው ስፍራ፣ በዛሬው ራምሲስ አደባባይ አካባቢ፣ የሟቾች አጥንት ተከምሮ አገኘ። ከ2,000 በላይ የራስ ቅሎች ከታዩ በኋላ የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት መሆኑን ጻፈ። ለዘመናት እንደ ሕግ ይታይ የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን ግን ሁለት ነው ብሎ ነበር። አብዱልለጢፍ ከመጽሐፉ ይልቅ ዓይኑን አመነ።

ከስድስት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1827፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎት ቤይ በሙሐመድ ዐሊ ፈቃድ በአቡ ዛዕበል የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርት ቤቱ በ1837 ወደ ቀስር አል-ዐይኒ ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። አውሮፓውያኑ መምህራን ዓረብኛ አይችሉም፣ ተማሪዎቹም የመምህራኑን ቋንቋ አያውቁም ነበር። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ አስተርጓሚ መሃል ገባ፤ የእያንዳንዱ አጥንት ስም በእርሱ አፍ አለፈ።

ዛሬ እርስዎ ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ያንን ቦታ የሚይዝልዎ ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ቃላቱን እርስዎ ራስዎ ይያዟቸው።

ለሐኪሙ የሚነግሩት

በካይሮ አነጋገር ትከሻ «ኪትፍ» ነው። «ክትፎ» ብለው ቢያስታውሱት አይጠፋዎትም። ለነገሩ ቃሉ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ የግዕዙ «መትከፍት» ከዚሁ ሥር የመጣ ነው፤ ፊደላቱ ቦታ ተለዋውጠው ነው እንጂ።

• «ኪትፊ ቢዪውጋዕኒ» — ትከሻዬን ያመኛል።
• «ሚሽ አድራ አርፋዕ ዲራዒ» — ክንዴን ማንሳት አልችልም። ወንድ ከሆኑ «ሚሽ አዲር» ይበሉ።
• «ውኢዕት ዐላ ኪትፊ» — በትከሻዬ ወደቅሁ።

ቃል ቢያጥርዎ በጣትዎ ያሳዩ። እኛ «ትከሻ» ስንል ከአንገት ሥር እስከ ክንድ ድረስ ያለውን ሁሉ ልናጠቃልል እንችላለን። ለሐኪሙ ግን የአንገት ሥር አጥንት፣ የጀርባው ሰሌዳና የክንዱ መጋጠሚያ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ሌሊት ይቀሰቅስዎ እንደሆነ፣ እጅዎ የት ድረስ ሲነሳ እንደሚይዝዎ ይንገሩት። የአጥንት ክፍል «ዒዛም»፣ ፊዚዮቴራፒ ደግሞ «ዒላግ ጠቢዒ» ይባላል።

ትከሻዎ ቀስ በቀስ እየደረቀ ሄዶ ፀጉር ማበጠርና ልብስ መልበስ ከከለከለዎ «ተየቡስ አል-ከቲፍ» የሚባለው ሊሆን ይችላል። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሴቶችና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ስኳርዎን መመርመር እንደሚያስፈልግ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ቀጠሮ የማይሰጠው

ወድቀው የትከሻዎ ቅርጽ ከተለወጠ፣ ክንድዎ አልንቀሳቀስ ካለ ወይም ጣቶችዎ ከደነዘዙ ዕለቱን ሆስፒታል ይሂዱ። ወጌሻ ወይም ግብጾች «ሙገብበራቲ» የሚሉት ሰው እንዲስበው አይፍቀዱ። ከወለቀው ትከሻ አጠገብ ነርቭና የደም ሥር ያልፋሉ፤ የተሰበረ አጥንትም አብሮ ሊኖር ይችላልና መጀመሪያ ራጅ መነሳት አለበት።

የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ነገሩ የልብ ሊሆን ይችላል። በግብጽ የአምቡላንስ ቁጥር 123 ነው።

ከዚህ ውጭ ያለውንም ሕመም ቢሆን ዝም ብለው አይቻሉት። ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ይቁሙና ሁለቱንም እጆችዎን በጎን በኩል ቀስ ብለው ያንሱ። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ከቆመ የቆመበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ሐኪሙ መጀመሪያ ማወቅ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ያ ነው።