ዕዳ ከሜዳ

ሳይበሉ የሚከፍሉት ዕዳ ሲመጣ «ዕዳ ከሜዳ» እንላለን። ኳታር በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ይህ አባባል ቃል በቃል ደርሷል። መንገዱንና ሜትሮውን ጨምሮ ለዝግጅቱ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደወጣ ይነገራል። ከዳካና ከካትማንዱ የተነሣው የቀን ሠራተኛ ወደ ዶሃ ለመግባት ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ የከፈለው ገንዘብ ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ የባንግላዴሽ ሠራተኛ ለደላላና ለቪዛ 3,000 ዶላር ከፈለ እንበል። ኳታር በ2017 ያወጣችው ጊዜያዊ ዝቅተኛ ደመወዝ 750 ሪያል፣ ማለትም 206 ዶላር ገደማ ነበር። ሰውየው አንዲት ሳንቲም ለቤተሰቡ ሳይልክ ደመወዙን በሙሉ ለዕዳው ቢያውል እንኳ ዋናውን ብቻ ለመጨረስ ከ14 ወር በላይ ይፈጅበታል፤ ወለዱ ሌላ ነው። ደመወዙ ሁለትና ሦስት ወር ከዘገየ ደግሞ ዕዳው ይወልዳል።

ይህ ወጪ ለምን ሠራተኛው ላይ ወደቀ? ጨረታ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ተቋራጭ ነው። ዋናው ተቋራጭ ለንዑስ ተቋራጭ፣ ንዑሱም ሰው ለሚያቀርብ ድርጅት ሲያስተላልፍ እያንዳንዱ ትርፉን ቆርጦ ወጪውን ወደታች ይገፋል። መጨረሻ ላይ ወደማንም ሊገፋው የማይችለው ሠራተኛው ብቻ ይቀራል። በተራው ገበያ ሠራተኛ ሲበደል ጥሎ ይሄዳል፤ አሠሪውም ላለማጣት ደመወዝ ይጨምራል። ሠራተኛውን ከአንድ አሠሪ ጋር በሚያስረው የኳታር የካፋላ ሥርዓት ግን እስከ 2020 ድረስ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር በአብዛኛው አይቻልም ነበር። ስለዚህ ግንባታው ሲጧጧፍ የሰው ኃይል ፍላጎት ቢጨምርም ደመወዙ አብሮ አልጨመረም።

በግንቦት 2022 አምነስቲ ኢንተርናሽናል፣ ሂዩማን ራይትስ ዎችና ሌሎች ድርጅቶች ፊፋ ለተጎዱ ሠራተኞች ቢያንስ 440 ሚሊዮን ዶላር እንዲመድብ ጠየቁ። ልኩ የተወሰደው ለቡድኖቹ ከተዘጋጀው የሽልማት ገንዘብ ነው፤ ዋንጫውን ያነሣችው አርጀንቲና ብቻዋን 42 ሚሊዮን ዶላር ወስዳለች። ፊፋ ዋንጫው ባለበት የአራት ዓመት ዙር ወደ 7.5 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ሰብስቧል። የተጠየቀው ከመቶ ስድስት እንኳ አይሞላም።

ከፊፋና ከኳታር የተሰማው መልስ «የሠራተኞች ድጋፍ ፈንድ አለ» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ፈንዱ እስከ መስከረም 2022 ወደ 320 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ነገር ግን ሥራ የጀመረው በ2020 ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዙን ትቶ ቀድሞ አገሩ የገባውን አልደረሰለትም። የሟች ቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ የሚወሰነው በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ባለች አንዲት ሐረግ ነው። «የተፈጥሮ ሞት» ተብሎ ከተጻፈ ሞቱ ከሥራ ጋር እንደተያያዘ አይቆጠርም፤ ካሳም አይከፈልም። ብዙ ወጣቶች ምርመራ ሳይደረግ በዚህ ሐረግ ተሸኝተዋል።

በ2024 መጨረሻ ፊፋ ራሱ ያስጠናው ጥናት ተቋሙ ለተጎዱት የመካስ ኃላፊነት እንዳለበት አመለከተ። በዚያው ሰሞን ይፋ የሆነው የ50 ሚሊዮን ዶላር «የሌጋሲ ፈንድ» ግን ለጤና፣ ለስደተኞችና ለሴት ነጋዴዎች ፕሮግራሞች ተመደበ። ዓላማው መልካም ቢሆንም የአንዱን ዕዳ ለሌላው በመመጽወት መዝጋት አይቻልም።

ካሳ ለመክፈል ማስረጃ የለም የሚለው ሰበብም አያስኬድም። ደላላ ደረሰኝ እንደማይሰጥ የተረዳው የኳታር ዝግጅት ኮሚቴ፣ ሠራተኛው ደረሰኝ ሳይጠየቅ ተቋራጮቹ የምልመላ ክፍያውን እንዲመልሱ አደረገ። ወደ 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመመለስም ተስማሙ። ይህ የደረሰው ግን በአብዛኛው የስታዲየም ፕሮጀክቶች ላይ ለሠሩት ነው፤ መንገዱን፣ ሆቴሉንና ሜትሮውን የገነባው ብዙኃን ከዚያ ውጭ ነበር።

ቀጣዩ ግንባታ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ፊፋ የ2034ን ዋንጫ ለሳዑዲ ዓረቢያ ሰጥቷል፤ ሳዑዲ ደግሞ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የኖሩባትና የሠሩባት አገር ናት። በእኛው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት የቪዛና የጉዞ ወጪ የአሠሪው ነው። ደላላው ግን አዋጁን አንብቦ አይደለም የሚያስከፍለው።

ተቋራጮቻችን የማይጠፋቸው አንድ አሠራር አለ፤ የውል ማስከበሪያ ዋስትና። ሕንፃው ቢሰነጠቅ የሚጠገንበት ገንዘብ አስቀድሞ ይያዛል፤ ተቋራጩ ጥሎ ቢጠፋ ባንኩ ይከፍላል። የሠራተኛው ደመወዝ፣ የምልመላ ክፍያና የጉዳት ካሳም የመጀመሪያው ድንጋይ ሳይጣል በዚሁ መልክ ሊያዝ ይችላል። ለሲሚንቶው የተሰጠው ዋስትና ለሚያቦካው ሰው የሚነፈግበት የኢኮኖሚ ምክንያት የለም።